አደራ የያዘ እጅ ይጠየቃል
ስለ ውክልናና ስለ አቅመ ደካማ ወገኖቻችን የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የዛሬው ትምህርታችን በዐውደ ምሕረት እምብዛም የማይነሣ፣ ነገር ግን ብዙ ቤተሰብ የሚያደማ ጉዳይ ነው። ዕድሜ የተጫናቸው፣ ዐይናቸው የደከመ፣ አልጋ ላይ የዋሉ ወይም መርሳት የጀመራቸው ወላጆቻችንና ዘመዶቻችን ቤታቸውን፣ ጡረታቸውንና የባንክ ሒሳባቸውን የሚያስተዳድርላቸው ሰው በውክልና ይሾማሉ። ብዙው ተወካይ በታማኝነት ይሠራል፤ እግዚአብሔር ዋጋውን ይክፈለው። አንዳንዱ ግን በዚያው ወረቀት እናቱን ከቤቷ ያስወጣል፤ አጎቱን ጦሙን ያሳድራል። አስቀድመን ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምሩንን፣ ቀጥለን የአገራችን ሕግ የሚለውን፣ በመጨረሻም እያንዳንዳችን ማድረግ የሚገባንን በየተራ እንመልከት።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በውክልና ሥራው ይተላለፋል፣ ባለቤትነቱ ግን ከባለቤቱ አይነሣም። ስለዚህ ተወካይን መጠየቅ የአደራው አንዱ ክፍል ነው፤ የሚጠይቅ ሰውም ተጠራጣሪ ሊባል አይገባውም።

1. ባለቤቱ ማን ነው?

ከሁሉ በፊት መሠረቱን እናስቀምጥ። ምድርና በእርሷ ያለው ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፤ ሰው በተሰጠው ላይ መጋቢ ነው። የራሳችን የምንለው እንኳ ነገ የምንጠየቅበት ከሆነ፣ የሌላውን ሰው ሀብት የያዘ ሰው በአደራ ላይ አደራ ተሸክሟል። ለሾመው ሰውም ለእግዚአብሔርም መልስ ይሰጣል። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» የሚሉት ይህን ሸክም ስለሚያውቁት ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 መስማት የተሳነውን መስደብና በዐይነ ስውር ፊት ዕንቅፋት ማኖር ተከልክሏል። ልብ በሉ፣ ከክልከላው ጋር እግዚአብሔርን የመፍራት ማሳሰቢያ ተያይዟል። ስለ ምን? መስማት የተሳነው ሲሰድቡት አይሰማም፤ ዐይነ ስውሩም ዕንቅፋቱን ማን እንዳኖረው አያይም። ተበዳዩ በዳዩን ሊያውቀው በማይችልበት ቦታ ምስክሩም ዳኛውም እግዚአብሔር ነው። ማንበብ የማይችሉትን የአባቱን ጣት ቀለም አስነክቶ በማያውቁት ጽሑፍ ላይ የሚያስፈርም ልጅ የሚተላለፈው ይህንኑ ሕግ ነው።

ወላጆችን ስለ ማክበር የተሰጠውም ትእዛዝ ጉልበት በመሳምና በበዓል ቀን በመጠየቅ ብቻ አይፈጸምም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን ፈሪሳውያንን አጥብቆ የገሠጸበት ነገር ገንዘብ ነክ ነው። ለወላጆች መርጃ ሊሆን የሚገባውን ሀብት «ቁርባን ነው» እያሉ ወላጆችን ባዶ እጃቸውን የሚያስቀር ሥርዓት አቁመው ነበር። እንግዲህ ለእግዚአብሔር ቤት የተሰጠ ስጦታ እንኳ ወላጅን አስርቦ ከተሰጠ የሚያስገሥጽ ሆነ። የእናቱን ቦታ ሳታውቅ በውክልና ሸጦ ከዋጋው ላይ ዐሥራት የሚያወጣ ሰው በዚያ ዐሥራት በረከት አገኛለሁ ብሎ ራሱን አይሸንግል።

2. ሲባና ሜምፊቦስቴ፦ ውክልና እንዴት ይበላሻል?

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የተጻፈው የሜምፊቦስቴ ታሪክ ለጉዳያችን እንደ መስተዋት ነው። ሜምፊቦስቴ የዮናታን ልጅ፣ የሳኦል የልጅ ልጅ ነው። አባቱና አያቱ በጦርነት ሲሞቱ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረ። ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ካደገ በኋላ ዳዊት ከዮናታን ጋር ስለ ነበረው ኪዳን ሲል ከሎዶባር አስጠራው፤ የአያቱን መሬት ሁሉ መለሰለት፤ በማዕዱም አስቀመጠው። መሬቱን እንዲያርስና ፍሬውን እንዲያገባ የተሾመው ሲባ ነው። ሲባ የሳኦል ቤት አገልጋይ ሲሆን 15 ልጆችና 20 አገልጋዮች ነበሩት። ባለቤቱ መራመድ አይችልም፤ ተወካዩ ጉልበትም የሰው ኃይልም አለው። የዛሬዎቹ ጉዳዮችም ይዘታቸው ይኸው ነው።

አቤሴሎም በአባቱ ላይ ባመፀ ጊዜ ዳዊት ከኢየሩሳሌም ወጣ። ሲባም ሁለት የተጫኑ አህዮች፣ 200 እንጀራ፣ 100 የዘቢብ ዘለላ፣ 100 የበጋ ፍሬና አንድ አቁማዳ የወይን ጠጅ ይዞ መንገድ ላይ ጠበቀው። ንጉሡ ስለ ጌታው ሲጠይቀው፣ ሜምፊቦስቴ የአያቱ መንግሥት ይመለስልኛል ብሎ በኢየሩሳሌም መቅረቱን ነገረው። ዳዊትም ሌላ ምስክር ሳይሰማ የሜምፊቦስቴን ሀብት ሁሉ ለሲባ ሰጠው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሲባ ያደረጋቸውን ሦስት ነገሮች እንለይ። አንደኛ፣ የጌታውን መሬት በሚያስተዳድርበት ዘመን ስጦታውን በራሱ ስም አቀረበ፤ ምስጋናውንም ለራሱ ወሰደ። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ በሌለበት ስለ ባለቤቱ ልብ ተናገረ። ሦስተኛ፣ የተጣደፈና የተጨነቀ ዳኛ መረጠ። ዛሬም ንብረት የሚበላ ተወካይ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ከእናቱ ሒሳብ ባወጣው ብር ለዘመድ አዝማድ ይደግሳል፣ «ደግ ልጅ» ይባላል። «እሷ አሁን ምንም አታስታውስም፣ የምትናገረውን አትስሟት» እያለ አስቀድሞ ያስወራባታል። ከዚያም ሁሉም በለቅሶ ወይም በሠርግ በተጠመደበት ሰሞን ሽያጩን ይጨርሳል።

ፍጻሜውን እንይ። ዳዊት ሲመለስ ሜምፊቦስቴ ሊቀበለው ወረደ። ንጉሡ ከሄደበት ቀን ጀምሮ እግሩን አልጠበቀም፣ ጢሙን አልቆረጠም፣ ልብሱን አላጠበም። አህያ ጭኖ ንጉሡን ሊከተል እንዳሰበ፣ አገልጋዩ ግን እንዳታለለውና ስሙን እንዳጠፋው አስረዳ። ዳዊት መሬቱን እኩል እንዲካፈሉ ፈረደ። ሜምፊቦስቴም ንጉሡ በደኅና ከተመለሰ ሲባ ሁሉንም ይውሰደው አለ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ዳዊትን የመሰለ ጻድቅ ንጉሥ እንኳ ደካማውን ሳይሰማ በመፍረዱ በደል ተፈጸመ። እውነቱ ዘግይቶ ሲሰማም የተመለሰው ግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ አረጋዊውን ራሱን ሳንሰማ በተወካዩ ቃል ብቻ አንፍረድ። ሁለተኛው፣ ሜምፊቦስቴ መሬቱን መተዉ የራሱ ቅድስና ነው፤ ሲባን አያጸድቀውም። የተበደሉ እናት «ተዉት፣ ልጄ ነው» ቢሉ ይቅርታቸው የእሳቸው ጸጋ ነው። እኛ ዘመዶቻቸው ግን ቃላቸውን ሽፋን አድርገን ዝም ማለት አንችልም።

3. ጦቢትና ሩፋኤል፦ ውክልና እንዴት ይከብራል?

ቤተ ክርስቲያናችን ጳጉሜን 3 ቀን ቅዱስ ሩፋኤልን ስታከብር የመጽሐፈ ጦቢትን ታሪክ እንሰማለን። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ዓሣውንና የዐይኑን መድኃኒት ነው። መጽሐፉ ግን በእጅ የተሰጠ አደራ እንዴት እንደሚፈጸምም ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ጦቢት ዐይኑ ጠፍቶ፣ ድህነትም ገብቶበት ሳለ በሜዶን አገር ራጌስ በምትባል ከተማ በገባኤል ዘንድ ያስቀመጠው 10 መክሊት ብር ትዝ አለው። ራሱ መሄድ አይችልም። ልጁን ጦብያን ጠርቶ የገንዘቡን ደብዳቤ ሰጠው፤ የታመነ የመንገድ ጓደኛም እንዲፈልግ አዘዘው። ጦብያም መልአክ መሆኑን ሳያውቅ ሩፋኤልን ይዞ መጣ።

ጦቢት በዚህ ጊዜ ያደረገውን አስተውሉ። ዐይነ ስውርና ችግረኛ ነው፤ ገንዘቡን የሚያመጣለት ሰው ያስፈልገዋል። ቢሆንም የሰውየውን ነገድና ወገን ጠየቀ። ሩፋኤል የምትፈልገው ወገን ነው ወይስ አብሮ የሚሄድ ሰው በሚል ቃል ሲመልስለት፣ ጦቢት ጥያቄውን አልተወም። መልአኩም የአናንያ ልጅ አዛርያስ ነኝ ብሎ መለሰለት። ቀጥሎ ጦቢት የቀኑን ደመወዝና ስንቁን ቆርጦ ነገረው። ችግረኛ መሆኑ ከመጠየቅ አላገደውም። መልአክ የተጠየቀውን ከመለሰ፣ «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» ብሎ የሚያኮርፍ ልጅ ወይም የእህት ልጅ በምን ይመካል?

በመንገድ ላይ ሠርግ ስለ ገጠማቸው ጦብያ ደብዳቤውን ሰጥቶ አዛርያስን ወደ ራጌስ ላከው። ገባኤልም ከረጢቶቹን ከነማኅተማቸው አውጥቶ ሰጠው፤ ገንዘቡም እንዲሁ ሳይጎድል ደረሰ። ተወካዩ የተላከበትን ብቻ ፈጸመ። ከተመለሱ በኋላ አባትና ልጅ ካመጡት ሁሉ እኩሌታውን ሊሰጡት ሲሉ፣ ሩፋኤል ወደ ጎን ወስዶ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ ነገራቸው፤ ማንነቱንም ገለጠ። የታማኝ ተወካይ መልክ ይህ ነው፦ ማንነቱ ይታወቃል፣ ሥራው ተለይቷል፣ ደመወዙ አስቀድሞ ተነግሯል፣ የተሰጠውን ሳያጎድል ይመልሳል።

ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን መያዝ አልፈለገም። በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እንደምናነበው ቲቶን ከሌሎች ወንድሞች ጋር ላከ፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም ለሆነው ነገር እንደሚጠነቀቅ ተናገረ። ሐዋርያው ለራሱ ያላለውን «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይበቃል» የሚል መልስ እኛ ለራሳችን አንፍቀድ።

4. የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን በሁለት ይከፍለዋል። ጠቅላላ ውክልና ለተወካዩ የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው። አንቀጽ 2204 እነዚህን ሥራዎች ይዘረዝራል፦ ንብረትን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ሰብል መሸጥና የመሳሰለው። ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ መታረቅና በፍርድ ቤት መከራከር ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ሕጉ ተወካዩ ለወካዩ ፍጹም ቅን እንዲሆንና ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ ያዛል፤ ሒሳብ የማቅረብም ግዴታ አለበት። ተወካዩ የወካዩን ንብረት ለራሱ ቢገዛ ወካዩ ውሉን ማስፈረስ ይችላል። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን የመሻር መብት አለው።

ዐይነ ስውራንና ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በውል ላይ የሚያደርጉት ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በአዋዋይ፣ በፍርድ ቤት መዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድዳቸው በአንቀጽ 1728 ተደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የውክልና ሰነድና መሻሪያው በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበው ይረጋገጣሉ፤ ይመዘገባሉ።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ነገር አለ። በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። አባቱ ካረፉ በኋላ «ውክልና አለኝ» ብሎ ከባንክ የሚያወጣ ልጅ የሌለ ሥልጣን ነው የሚጠቀመው፤ ወራሾቹንም ይበድላል። እናት አእምሯቸው ከራቃቸው በኋላም መንገዱ ወደ ፍርድ ቤት ነው። ሕጉ በአንቀጽ 340 በዘለቄታ ሕመም ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ለማይችሉ ሰዎች ጥበቃ ፈቅዷል። ዘመድ አመልክቶ ፍርድ ቤቱ ሞግዚት ሊሾም ይችላል፤ ሞግዚቱም በቁጥጥር ሥር ይሠራል። የተሰጠን ንብረት ለራስ ማዋል ደግሞ በወንጀል ሕጉ እምነት ማጉደል ተብሎ ያስቀጣል።

በአሜሪካ ያላችሁ ምእመናን አንድ ልዩነት አስተውሉ። እዚያ ለአረጋውያን በብዛት የሚዘጋጀው «ዱረብል» የሚባለው ውክልና ሰውየው አእምሮውን ካጣ በኋላም ይቀጥላል። ለታመመው ሰው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ባለቤቱ መሻር በማይችልበት ጊዜ ስለሚሠራ፣ ተወካዩ ለሌላ የቤተሰብ አባል በየጊዜው ሒሳብ እንዲያቀርብ ከመጀመሪያው በሰነዱ ውስጥ አስጽፉ። በደል ሲጠረጠር በየስቴቱ አቅመ ደካማ አዋቂዎችን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አለ፤ ጥቆማ ይቀበላል።

5. ወረቀቱ ሲጻፍ

በደሉ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በወረቀቱ ላይ ስለ ሆነ ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት እናት ጡረታቸውን የሚቀበልላቸውና የመብራትና የውኃ የሚከፍልላቸው ሰው ይፈልጋሉ እንበል። ልጃቸው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ይሄዳል። ጸሐፊው የተለመደውን ቅጽ ያወጣል፦ «ንብረቴን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በመያዣነት እንዲያስይዝ፣ የባንክ ሒሳቤን እንዲያንቀሳቅስ፣ በፍርድ ቤት እንዲከራከርና እንዲታረቅ፣ ሌላ ሰው እንዲወክል…»። እናትየው የፈለጉት ሁለት ነገር ነበር፤ የሚፈርሙት ግን ቤታቸውን የሚያሳጣ ሥልጣን ነው። «ሌላ ሰው እንዲወክል» የምትለው ቃል ደግሞ አይተውት የማያውቁት ሰው ቤታቸውን እንዲሸጥ ታስችላለች።

ቀጥሎ በሰነዶች ማረጋገጫ መስኮት ፊት ይቆማሉ። ሠራተኛዋ «እማማ፣ ይህን ውክልና የሚሰጡት በፈቃድዎ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ልጁ ከጎን «አዎ፣ ተስማምታለች፣ ጆሮዋ ትንሽ ደከም ስላለ ነው» ይላል። የእናትየው ድምፅ ሳይሰማ ጉዳዩ ወደ ፊርማ ያልፋል። እዚያ የቆመ ዘመድ ወይም ጎረቤት አንዲት ዐረፍተ ነገር መናገር ይችላል፦ «እሳቸው ራሳቸው ይመልሱ፣ ጽሑፉም ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው»። ይህን ማለት ነውር አይደለም።

እንግዲህ ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት እነዚህን ጠብቁ፦

ሥልጣኑ በሚያስፈልገው ልክ ይወሰን። ጡረታ ለመቀበል ከሆነ ጡረታ ለመቀበል ብቻ ይጻፍ። ሽያጭ፣ ስጦታ፣ መያዣና ሌላን መወከል በግልጽ ካልተፈለጉ ይውጡ።

የጊዜ ገደብ ይኑረው። ባለቤቱ ከፈለጉ ገደቡ ሲያልቅ ያድሱታል።

ከተቻለ ሁለት ተወካዮች በአንድነት እንዲሠሩ ይደረግ። አንዱ ወጪውን፣ ሌላው ደረሰኙን ይያዝ።

ካርታው፣ የባንክ ደብተሩና መታወቂያው በባለቤቱ እጅ ወይም ባለቤቱ በመረጡት ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

ሒሳቡ የሚቀርብበት ቀን አስቀድሞ ይነገር። በየሦስት ወሩ ወንድምና እህት ባሉበት ቢሆን ጥርጣሬ ሥር አይሰድም፤ ታማኙም ተወካይ ከሐሜት ይጠበቃል።

6. ምልክቱን ስታዩ

አረጋዊውን ብቻቸውን ማነጋገር የሚከለከል ከሆነ፣ ስልካቸው ሁልጊዜ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ ጡረታ እየገባ መድኃኒት የማይገዛ ከሆነ፣ ደላላ ቤቱን እየለካ ከሆነ፣ ወይም ተወካዩ ሒሳብ ሲጠየቅ በቁጣ የሚመልስ ከሆነ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን በደልን አያረጋግጥም። የሲባን ሐሰት እንዳወገዝን እኛም በሜዳ ስም አናጥፋ። መጀመሪያ ራሳቸውን ባለቤቱን እንስማ።

ቀጣዩ እርምጃ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 በተሠራው ሥርዓት ይሁን። መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ በሁለትና በሦስት ምስክር፣ ከዚያ በንስሐ አባትና በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩ። ሆኖም ቤቱ ነገ ሊሸጥ ከሆነ ሽምግልናው እስኪያልቅ አትጠብቁ። ባለቤቱ አእምሯቸው ሙሉ ከሆነ ውክልናውን በሰነዶች ማረጋገጫ ይሻሩ፤ መሻሩም ለተወካዩ፣ ለባንኩና ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ይድረስ። ካልተነገራቸው አሮጌውን ወረቀት ማስተናገዳቸውን ይቀጥላሉ። አእምሯቸው ከራቃቸው ዘመድ በጊዜው ለፍርድ ቤት ያመልክት። ወደ ሕግ መሄድ ቤተሰብን መክሰስ ይመስለናል፤ ደካማውን ከነጣቂ ማስጣል ግን እግዚአብሔር በነቢያቱ አፍ ደጋግሞ የጠየቀን ነገር ነው።

ካህናት አባቶችም ድርሻ አላችሁ። የታመሙትን ለማቍረብ ወይም ጸበል ለመርጨት ስትሄዱ ከቤተሰቡ ለይታችሁ ጥቂት ጊዜ ብቻቸውን አነጋግሯቸው። የእድር ዳኞችና ጎረቤቶች ደግሞ ያላነበባችሁት ሰነድ ላይ በምስክርነት አትፈርሙ። «ልጁ ለመነኝ» የሚል ምክንያት በፍርድ ቀን አያድንም።

7. አደራውን ላጎደለ ሰው

ይህን ትምህርት ከምትሰሙት መካከል የወላጁን ወይም የዘመዱን ገንዘብ የነካ ሰው ሊኖር ይችላል። ቤተ ክርስቲያን በሩን አልዘጋችበትም። ግን መንገዱን እወቀው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ቀማኝነቱን በመናዘዝ ብቻ አልተወሰነም፤ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ንስሐ ገብቶ ካርታውን በኪሱ ይዞ የሚኖር ሰው ንስሐው አልተፈጸመም። ለንስሐ አባትህ ንገር፤ የወሰድከውን ለይተህ ጻፍ፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ ለራሳቸው መልስ፤ ካረፉ ለወራሾቻቸው መልስ። አንድ ጊዜ መመለስ ካልቻልክ በሽማግሌ ፊት ጊዜ ቆርጠህ ጀምር።

በታማኝነት የምታገለግሉ ተወካዮች፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ያያል። ማንም ሳይጠይቃችሁ ሒሳቡን አቅርቡ፤ ደረሰኙን በወር በወሩ አስቀምጡ፤ የወላጃችሁን ገንዘብ ከራሳችሁ ጋር አትቀላቅሉ። ሌሎቻችን ደግሞ በዚህ ሳምንት በውክልና ሥር ወዳሉ ዘመዳችን ቤት እንሂድ። አጠገባቸው እንቀመጥ፤ ሌላ ሰው በሌለበት «ገንዘብዎ ይደርስዎታል? የፈረሙትን ያውቁታል? የጎደለብዎ ነገር አለ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ሰምተን ዝም ብለን አንመለስ።

የጦቢትን ዐይን በቅዱስ ሩፋኤል እጅ ያበራ አምላክ የእኛንም ልብ ለደካሞች ያንቃልን፤ አደራን ሳናጎድል ለባለቤቱ የምንመልስ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።